ሸረሪት ያለፈችው ሰው፦ አጭር ሐተታ

ስለ ቡዳ ተጽፏል። ስለ ዛር ተጽፏል፤ እንዲያውም ፈረንጅ ሳይቀር ጎንደር ድረስ መጥቶ፣ ዛር ካለባቸው ሴቶች ቤት ተቀምጦ፣ ማስታወሻውን ሞልቶ ተመልሷል። ስለ ደብተራ፣ ስለ ድግምት፣ ስለ መስተፋቅር የተደረሰው ጥናትም መደርደሪያ ያጣብባል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ፣ ከፊቱ ያለውን ጀርባ ሁሉ እየቆጠረ፣ «ምን ነበረበት አሁን መብረር ብችል!» እያለ የሚብሰለሰለውን ጎልማሳ ግን እስከ ዛሬ ዞር ብሎ ያየው ሊቅ የለም። ልዕለ ኃያል ለመሆን ይመኛል፤ አልሆነም፤ ስላልሆነም ተቀይሟል። ይህ ሐተታ ስለ እሱ ነው።

አስቀድሞ ወሰን ማበጀት ይገባል። ቅዱሳን አባቶች ከጥናቱ ውጭ ናቸው። ገድላቸውን ያነበበ እንደሚያውቀው ጸጋቸውን ያገኙት ጾመው፣ ቆመው ጸልየው፣ ከሰው ርቀው ነው፤ ተጠኚያችን ደግሞ ሃያ ደቂቃ ሲቆም ቅስሙ የሚሰበር ሰው ስለሆነ በምንም መንገድ አብሮ አይመደብም። ሕፃናትም ውጭ ናቸው። የእናቱን ነጠላ አንገቱ ላይ አስሮ ከቁም ሣጥን የዘለለ ልጅ ሕመሙ ቀላል ነው፤ ወለሉ ያድነዋል። የሚቀረው ሚስት ያገባው፣ እድር የሚከፍለው፣ የደም ግፊቱን መለካት የጀመረው ሰው ነው። ሕፃኑ «ኃይል በኖረኝ» ይላል። ይህኛው «ለምን ለእኔ አልተሰጠኝም?» ይላል። የመጀመሪያውን ምኞት፣ ሁለተኛውን አቤቱታ ብለን መዝግበናል።

ዋነኛው ተጠኚ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ ስሙን ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ። የልጅነት ክረምቱን ያሳለፈው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጋረደ መስኮት፣ ከፊት ደግሞ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ አንድ ልጅ ተቀምጦ፣ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር «አትፍሩ፣ አክተሩ አይሞትም» እያለ ሕዝቡን ያጽናናል። ተጠኚው በዚህች ዐረፍተ ነገር ተማምኖ አደገ። ችግሩ የጀመረው ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ አክተሩ ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም ብሎ መጠርጠር ሲጀምር ነው።

የዘርፉ ታሪክ ራሱ ከቅያሜ አይጸዳም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ኮንዶሚኒየምን ከሚመለከቱት በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ከተማ ልጆች፣ ዐይን አፋርና መነጽራሞች ነበሩ። የሚወዷት ልጅ መኖራቸውን እንኳ አታውቅም፤ እንግዲህ ቢያንስ በወረቀት ላይ ባቡር የሚቀድም፣ ጥይት የማይበሳው ሰው እንሁን አሉ። በ1938 ያንን ሰው ከነሙሉ መብቱ ለአሳታሚ ኩባንያ በ130 ዶላር ሸጡት። ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜያቸው በክርክር ሄደ፤ በ1975 ነው ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍላቸው፣ ስማቸውንም በሥራቸው ላይ ሊመልስ የተስማማው። ይህን ታሪክ ለተጠኚው ያጫወትኩት እንባው ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ጡረታው ለሚስት ይተላለፋል?» ብቻ ነው ያለኝ።

የቅያሜው ሥር አሰጣጡ ነው። ተጠኚው ልዕለ ኃያላን በመኖራቸው ቅር አይለውም፤ ያለ ማስታወቂያ መቀጠራቸው ነው የሚያንገበግበው። ፒተር ፓርከር የተባለ ተማሪ በ1962 ለሳይንስ ትርኢት ሄዶ ቆሞ ሳለ፣ ጨረር ያገኛት ሸረሪት እጁን ነከሰችው፤ በቃ፣ ግድግዳ መውጣት ጀመረ። ባሪ አለን በ1956 መብረቅ የኬሚካል መደርደሪያ ላይ ወድቆ ስለረጨው ብቻ ከነፋስ የሚፈጥን ሰው ሆነ። ማመልከቻ የለ፣ የጽሑፍ ፈተና የለ፣ የሥራ ልምድ የጠየቀ የለ። በ1940 ደግሞ ቢሊ ባትሰን የሚባል ጋዜጣ አዟሪ ልጅ አንዲት ቃል በጮኸ ቁጥር የስድስት ኃያላን ኃይል እንዲወርድለት ተደረገ፤ ጥበቡን የሚሰጠው ንጉሥ ሰሎሞን ነው። ተጠኚው ይህን የሰማ ዕለት ማኪያቶውን አስቀመጠ።

«የቱ ሰሎሞን?»

«ያው ሰሎሞን ነዋ።»

«ንግሥተ ሳባ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ የሄደችለት? የምኒልክ አባት?» ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። «እኛ እዚህ እያለን ለጋዜጣ አዟሪ!»

ከሁሉ የባሰው ግን የካፒቴን አሜሪካ ጉዳይ ነው። ስቲቭ ሮጀርስ በ1941 ለውትድርና ሊመዘገብ ቢሄድ ኮሳሳ ነህ ተብሎ የተመለሰ ልጅ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ተጠኚው ይወደዋል። ከዚያ በምስጢር መድኃኒት ወጉት፣ ደረቱ ተነፋ። መድኃኒቱን የቀመመው ሊቅ ግን ወዲያው በሰላይ ጥይት ሞተ፤ ቀመሩ በጭንቅላቱ እንጂ በወረቀት ስላልነበረ ሁለተኛ ሰው ሊወጋ አልቻለም። እዚህ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ድምፁ ይለወጣል። «ኮፒ የለውም? ፋይል አልተከፈተም? ገቢ የለ፣ ወጪ የለ፣ አንድ ሰው ተወግቶ ዝም?» ስለ ዓለም ጦርነት ደንታ የለውም። ያ መዝገብ ቤት በእሱ እጅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀመሩ በሦስት ቅጂ ተቀምጦ፣ ተራ የደረሰው ሁሉ እየተጠራ ይወጋ ነበር ባይ ነው።

ይህን ሁሉ ለመረዳት ተጠኚው የ1997 ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2005 እንደገና ተመዝግቦ በየወሩ ቆጥቧል፤ አሁንም ሌላ ሰው ዕጣ በወጣለት ቤት በኪራይ ይኖራል። ዕጣ ሲወጣ ለማን እንደደረሰ በጋዜጣ አንብቧል፤ ለምን ለዚያ ሰው እንደደረሰ ግን ያነበበበት ጋዜጣ የለም። ሸረሪቷም ያው ዕጣ ናት፤ ልዩነቷ ቁጠባ አለመጠየቋ ነው።

ለዚህ ነው በቤቱ ጣሪያ ማዕዘን ያለችውን ሸረሪት ሚስቱ በመጥረጊያ ልታወርዳት ስትነሣ «ተያት» የሚላት። ስለምን «ተያት» ይላል? አንድም፣ ዝንብ ትበላልናለች ብሎ። አንድም፣ በእሑድ ቀን ወንበር ላይ ውጣ እንዳይባል። አንድም፣ አይታወቅም ብሎ።

አሁን ወደ አመዳደቡ። ተመኚዎችን በሚመኙት ኃይል መመደብ ይቀናል፤ እንዲያ ያደረገ አጥኚ ግን አይደርስም። ማንም ሰው ዓለምን ለማዳን ሲመኝ አላገኘሁም። ሁሉም የሚሸሸው አንዳች ነገር አለው፤ ኃይሉ ከዚያ ነገር ማምለጫ ነው። ስለዚህ መደቦቹን በሚሸሹት ነገር አስቀምጫለሁ፤ ስማቸውንም ክብር እንዲኖራቸው በግእዝ አወጣሁ።

ቀዳማይ፦ ዘይትኀባእ። መሰወር የሚሻ ነው። ይህ መደብ ጥንታዊ ነው፤ አባቶቻችን ዕፀ መሰውር የሚሉትን፣ የያዘው ሰው አይታይም የሚባለውን ቅጠል ሲፈልጉ ኖረዋል። ተጠኚው በ2018 ብላክ ፓንተር የሚለውን ፊልም አይቶ ሲወጣ በጣም ተቆጥቶ ነበር፤ የዋካንዳ ንጉሥ ቅጠል አስጨምቆ ጠጥቶ ኃይል ሲያገኝ አይቷላ። «ቅጠልማ የእኛ ሥራ ነበር» አለ። ዘይትኀባእ ተሰውሮ ባንክ አይዘርፍም፤ ቤተ መንግሥትም አይገባም። የዕቁብ ዳኛው በበሩ እስኪያልፍ፣ ቢበዛም የሠርግ መጥሪያ የያዘችው ዘመድ ደረጃውን እስክትወርድ ከተሰወረ ይበቃዋል።

ዳግማይ፦ ዘጽኑዕ፣ ማለትም ባለ ጉልበት። ቤት የሚቀይር ሰው ነው። ማቀዝቀዣውን በአንድ ትከሻው አድርጎ አምስተኛ ፎቅ ሲወጣ ራሱን ያያል። ይህ ሕልም በአዲስ አበባ የሚከሽፈው በፊዚክስ ምክንያት አይደለም። ማቀዝቀዣውን በትንሽ ጣቱ ቢያነሣው እንኳ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ከታች ቆመው ያዩታል፤ ሲጨርስ መጥተው ሒሳባቸውን ይጠይቁታል።

ሣልሳይ፦ ባትማንን የሚመኝ። ባትማን ምንም ኃይል የለውም፤ ሀብታም ነው። ይህ ሰው የተመኘው ገንዘብ ስለሆነ ሌላ ሰው ያጥናው።

ራብዓይ፦ ዘይሠርር በላዕለ ሰልፍ። ከሰልፍ በላይ የሚበር ማለት ነው። ተጠኚያችን የዚህ መደብ ነው፤ ሐተታውም ከዚህ በኋላ እዚሁ ይቆያል።

ስለ ከፍታው። ያልሠለጠነ ተመልካች ይህ ሰው እንደ ሱፐርማን ደመና ለመሰንጠቅ የሚሻ ይመስለዋል። ፈጽሞ! ደመና ውስጥ ይበርዳል፤ ከዚያም ሳይደርስ የመብራት ሽቦ አለ። የሚፈልገው ከፍታ ከሰልፈኛው ራስ በላይ አንድ ክንድ ነው። በክረምት ዣንጥላ ስለሚዘረጋ አንድ ተኩል ይሆናል። ከዚያ በላይ ከወጣ ሱሪው ከታች ይታያል፤ ሱሪው መቀመጫው ላይ የተጣፈ ስለሆነ ይህን ነገር ደጋግሞ አስቦበታል።

ስለ ርቀቱ። እዚህ ላይ የጥናቱ ትልቁ ግኝት አለ። «መብረር ከቻልክ ለምን ቀጥ ብለህ ሜክሲኮ አትሄድም? ታክሲው ምን ያደርግልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ትክ ብሎ አየኝ፤ ምሁራንን የሚያይበት ዐይን አለው። «እኔ ልብረር እንጂ ልድከም አልወጣኝም» አለ። ከሰልፉ መጨረሻ ተነሥቶ፣ በሰው ሁሉ ላይ አልፎ፣ በሩ ሳይከፈት ደርሶ ጋቢና መግባት ነው የሚፈልገው። ጋቢና! ከሾፌሩ አጠገብ፣ መስኮት ያለው፣ ማንም «ጠጋ በል» የማይለው፣ የሰው ጉልበት ጀርባ የማይወጋበት፣ ረዳቱ «መልስ ቆይ» ሲል ፊት ለፊት የሚታይበት ወንበር። ክሪፕተን የምትባል ፕላኔት ፈንድታ ሕፃኑ ሱፐርማን በመንኮራኩር ሲያመልጥ ለዚህ ለዚህ ነው ብሎ ያምናል።

መደቡ ሦስት ንዑሳን አሉት። የመጀመሪያው በግልጽ የሚያርፍ ነው፤ ከላይ መጥቶ ከሰልፉ ፊት ቁጭ ይላል፣ ስድቡንም ይቀበላል። ድፍረቱ ይደነቃል እንጂ ብዙም አይገኝም። ሁለተኛው ከኪዮስኩ ጀርባ ያርፍና ቀስ ብሎ መጥቶ «እዚህ ነበርኩ፣ ካርድ ልገዛ ሄጄ ነው፤ እሳቸው ያውቃሉ» ይላል። ይህኛው በርግጥ መብረር አያስፈልገውም፤ ሳይበርም በየሰልፉ በብዛት የሚገኝ ፍጡር ነው። ሦስተኛው በሮ ካለፈ በኋላ ከፊት የቆሙ አሮጊት አይቶ የሚያፍር ነው፤ «እማማ ይግቡ» ብሎ ጋቢናውን ለቆ፣ እሱ በመጨረሻው ወንበር አራተኛ ሆኖ ይሄዳል። ተጠኚው የትኛው ነኝ ይላል? የመጀመሪያው ነኝ ይላል። እኔ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ሦስተኛው ነው።

ስለ ሰላምታ። የልዕለ ኃያላን ሊቃውንት ይህን አንቀጽ እንዴት እንደዘለሉት አይገባኝም። ሱፐርማን በሜትሮፖሊስ ሰማይ ላይ እንደልቡ የሚበረው ከታች የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ነው። ጀሞ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ተጠኚው ገና ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ እንዳለ ከሥሩ የአከራዩ እናት ናቸው። ከላይ ሆኖ «እንደምን አደሩ» ማለት ነውር ነው፤ ሰው ምን ይላል? ይወርዳል። ጎንበስ ይላል።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና አደርክ ልጄ? ልጆቹ? ሚስትህ ወገቧን ተሻላት?»

«ተሽሏታል፣ ይመስገን። እርስዎስ እግርዎ?»

«አለሁ፣ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ይነሣል። ሁለት ሜትር ሲሄድ የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ይወርዳል። እርሳቸው ቀጥለው ያለፈው ሳምንት ለቅሶ ላይ ያልታየበትን ምክንያት ይጠይቁታል፤ ይህ በአንድ ትንፋሽ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ከእርሳቸው ቀጥሎ የልጁ አስተማሪ አለ፤ አስተማሪን ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም፤ ከጠየቁት ደግሞ ይመልሳል። ቆም ብሎ የማይጠይቀው ሰው ካለም የተኳረፈው ነው፤ በተኳረፉት ሰው ራስ ላይ መብረር ደግሞ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጥፋት ነው። አስልተን አይተነዋል፦ ተጠኚው የሰልፉ ጫፍ ሲደርስ፣ በእግሩ ተሰልፎ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛውን ታክሲ ይዞ አፍሪካ ኅብረትን ባለፈ ነበር።

ስለ ምስጢራዊ ማንነት ብዙ አያስፈልግም። ሱፐርማን ክላርክ ኬንት ተብሎ፣ መነጽር አድርጎ ዓለምን ሸወደ ይባላል። በእኛ ሰፈር መነጽር ቢያደርግ «መነጽር ማድረግ ጀመርክ እንዴ? ዐይንህን ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ እስከ ማታ ሲጠየቅ ይውላል። ልብስ መቀየሪያም የለም። የሕዝብ ስልክ ቤቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው የካፌ መጸዳጃ ነው፤ ቁልፉ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ቁልፉን ለማግኘት ማኪያቶ ማዘዝ ይጠይቃል። ካባ ለብሶ ሲወጣም አስተናጋጇ «ሒሳብ!» ትለዋለች።

ምስጢሩ በወጣ ማግሥት የሚሆነውን ደግሞ ሚስቱ ከሁላችንም ቀድማ ገምታዋለች። «በርሬ ልገኝ ነው የምትለው? እሺ በል። መጀመሪያ እናቴ ጤፍ ላክልኝ ትላለች፤ ደብረ ማርቆስ ትሄዳለህ። ቀጥሎ አከራያችን ታንከሩን እይልኝ ይሉሃል፤ ጣሪያ ላይ ትወጣለህ። ከዚያ ጎረቤት ሁሉ ልጁን ትምህርት ቤት እግረ መንገድህን ጣል አድርግልኝ ይልሃል፤ አንተ ደግሞ እምቢ ማለት አታውቅም።» ይህን ስትል እድሩን ረስታዋለች፤ ጸሐፊው ግን አልረሱትም። ጡሩምባ ነፊው አርጅቶባቸዋል። የሚበር አባል እያለ ሌላ ሰው በእግሩ በየብሎኩ ሊዞር ነው? ተጠኚው በዚህ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። በሌሊት ዐሥር ሰዓት ካባውን ለብሶ ከብሎክ ወደ ብሎክ እየበረረ የሰው ሞት ሲለፍፍ ራሱን አየ መሰለኝ።

ኃምሳይ ሰዓት የሚያስቆም፣ ሳድሳይ የሰው ሐሳብ የሚያነብ የሚሉ መደቦች ነበሩኝ። ሁለተኛውን ሚስቱ ሳትመኘው ታደርገዋለች። የመጀመሪያው ደግሞ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲመጣ ያለ ደመወዝ የሚቆም ሰዓት ስላለን አዲስ ነገር አልሆነልኝም። ሰንጠረዡን አጥፌዋለሁ።

ያጠፍኩት ተጠኚው ራሱ ስላፈረሰው ነው። መብረር ሰሌዳ ያስፈልገዋል ብሎ ተጨነቀ። ሰው ካላሳፈረ ኮድ 2 ነው፤ የአማቱን ጤፍ ከጫነ ግን ኮድ 3 ነው፤ በየዓመቱ ቦሎ አለ፤ ቦሎ ደግሞ የራሱ ሰልፍ አለው። በዚያ ሰልፍ ላይ እንዳይበር ገና ምርመራ አላለፈም። ይህን ሲናገር በእውነት አዘንኩለት፤ ኃይሉን ሳያገኘው መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ። ላጽናናው ብዬ አንድ ነገር ነገርኩት፦ ሱፐርማን በ1938 ሲጀምር አይበርም ነበር። ይዘል ነበር። አንዴ ሲዘል 200 ሜትር ያህል ይሄዳል ተብሎ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል፤ መብረርን የለመደው በኋላ፣ በ1940ዎቹ ነው። ዝላይ ደግሞ ሰሌዳ የለውም፣ ቦሎም የለውም፤ በአየር ላይ ያለ ሰው ስለማይቆም ሰላምታም ቢሆን በእጅ ያልፋል።

ተጠኚው ይህን ሰምቶ ፊቱ በራ። ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዐይኑ ለካው፤ ከኪዮስኩ እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ተራ አስከባሪው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዞሮ ጠየቀኝ።

«200 ሜትሩ ደርሶ መልስ ነው?»